ውሃ ያልነካው ናሙና

ማክሰኞ ከትምህርት ቤት ስገባ አባቴ ስልኩን ዘረጋልኝ። «ከሆስፒታል ነው፤ አንቺን ነው የፈለጉት።» የሴቶች ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ነበረች። «ደብዳቤሽ ኮሚቴው ፊት ተነቧል። የሕመምተኞችን የእጅ ማሰሪያ የሚያትመው ፕሪንተር እንደገና ይመረጣል፤ ሐሙስ የሦስት ፕሪንተር ናሙና ስለሚመጣ አንቺም ነይ» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ግቢያችንን ሁለቴ በሩጫ ዞርኩት። እኔ የጻፍኩት ወረቀት፣ አስቡት፣ ትልልቅ ሰዎችን እንደገና ሰበሰበ።

ስጽፈው ግን ደስታ አጠገቤም አልነበረም። ንዴት ነው ያስጻፈኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

የአባቴን እህት አዳዳ ነው የምንላት። ባለፈው ወር የሐሞት ጠጠር ሊወጣላት ከሳጉሬ መጥታ አሰላ ሆስፒታል ስትተኛ አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ገና ስትገባ እጇ ላይ ነጭ ማሰሪያ አሰሩላት። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ የካርድ ቁጥሯና «ፔኒሲሊን አይስማማትም» የሚል ታትሞበታል። ፊደሉ ጥርት ያለ ነው። ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም አጠገቧ የተኛችው የሲሬ ሴት ስሟም የአባቷ ስምም ከአዳዳ ጋር አንድ ነው።

አዳዳ በማግስቱ ለሱብሂ ሶላት እስከ ክርኗ ታጥባ ውዱእ አደረገች፤ ለዙህርም። ለአስር ሶላት ስትታጠብ ቁጥሩ ጥቁር እድፍ ሆኖ አየሁት። ለመግሪብ ከታጠበች በኋላ የሚነበብ ነገር አልቀረም።

ተረኛ ሆና የገባችው ነርስ መርፌ ይዛ መጥታ ስም ጠራች። ሁለቱም «አቤት» አሉ። የአዳዳን እጅ አነሳች፣ አገላበጠችው፣ ምንም የለም። «ማዘር፣ መርፌዎ ነው፤ ዞር ይበሉልኝ።»

«የምን መርፌ ነው?» አልኩ።

«ፔኒሲሊን።»

«አይስማማትም እኮ።»

ነርሷ መርፌውን አስቀመጠች። ካርድ አስመጥታ ስታይ መርፌው የሲሬዋ ሴት ነው። ደንግጣ ይሁን ተናድዳ አላውቅም፣ አዳዳን ተቆጣቻት። «እጅዎን ውሃ አያስነኩ አልተባሉም?»

«ልጄ፣ እኔ በቀን አምስቴ ሳልታጠብ አልሰግድም። ወረቀቱ ካልቻለ ወረቀቱን ቀይሩት።»

የሲሬዋ ሴት ከአልጋዋ ቀና አለች። «ሞክሼዬ፣ መርፌዬን ከምትሻሚኝ ምሳዬን ብትወስጂ ይሻል ነበር።»

እነሱ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። የታመመች ሴት ለአንድ ቁራጭ ወረቀት ብላ ሶላቷን ትተው?

በማግስቱ ቀትር ላይ የሆስፒታሉ ግዢ ቢሮ ሄድኩ። ፕሪንተሩን ከመረጡት አንዱ የሆነው ሰውዬ አሁን ውዱእ አድርጎ መግባቱ ነው። እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፣ ውሃው ገና ይንጠባጠባል።

«ጥራቱን በደንብ አይተን ነው የመረጥነው» ብሎ ከመሳቢያው ፎልደር አወጣ። ሲመርጡ ያዩት የማሰሪያ ናሙና ፕላስቲክ ውስጥ ነው፤ እንደ አዲስ ያበራል።

«ውሃ ነክቶት ያውቃል?»

«ናሙና ይታጠባል እንዴ? አንቺ ልጅ፣ ትምህርት የለሽም ዛሬ?»

ይህን እያለኝ ከክርኑ አንድ ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ፎልደሩን ፈጠን ብሎ ወደ ጎን አሸሸው፤ ናሙናው እንዳይርስበት።

እዚያ ላይ ነው የተቃጠልኩት። ራሱ በቀን አምስቴ የሚታጠብ ሰው፣ ግዢው ላይ ማኅተም ከመምታቱ በፊት አንዲት ማሰሪያ የራሱ እጅ ላይ አስሮ ቧንቧ ከፍቶ አላየም። ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ስድቡን ከውስጡ ሳወጣ አንድ ገጽ ሆነ፤ አጥፌ አስተያየት መስጫው ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

አዳዳ የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ቀዶ ሕክምናው ስለተላለፈ ተመልሳ ልትተኛ ነው። ያኔ የሚታሰርላት ሐሙስ የሚመረጠው ነው። ሲስተር እንደነገረችኝ ከሦስቱ አንዱ በሙቀት ብቻ የሚያትም ነው፤ አልኮል ሲነካው ይደበዝዛል ይባላል። ሌላው ሪባን ከሚሉት የቀለም ጥብጣብ ያትማል፤ ይችላል ይላሉ። ይላሉ ብቻ። እኔ ሳላጥበው አላምንም።

«ብቻሽን አትምጪ፤ የሚታጠብ እጅ ይዘሽ ነይ» ብላኛለች ሲስተር። ስለዚህ እናንተም ኑ። የምትሰግዱ፣ ልብስ የምታጥቡ፣ ሕፃን ያላችሁ። ከሳጉሬ የምትመጡም የጠዋቱን ሚኒባስ ከያዛችሁ ትደርሳላችሁ። ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ የሴቶች ክፍል በር ላይ ነኝ። እጅጌው የሚጠቀለል ልብስ ልበሱ።