ንፋስ የሌለበት አዳራሽ

ዛሬ የልጅ ልጄ ከውጭ አገር ውድድር ተመልሳ ሶዶ ገባች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ፣ «እማማ፣ ኳሱን ሁሉ ከመስመር ውጪ መታሁት» ብላ አለቀሰች።

እሷ የምትጫወትበት የባድሚንተን ብሔራዊ ቡድናችን እንደ ወትሮው በመጀመሪያው ዙር ተሰናብቷል። ሬዲዮው ስለ ሩጫ እንጂ ስለዚህ አይተነፍስም። ጎረቤቴማ በመረብ ላይ በራኬት የሚመታው ኳስ ባለ ላባ ነው ሲባል፣ «ዶሮዋስ የታለች?» ብሎ ስቋል።

ልጅቷ ጨዋታውን የተማረችው በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ከዳሞት ተራራ የሚወርደው ንፋስ ኳሱን ወደ ግራ ስለሚወስደው፣ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ አስልታ ትመታለች። ንፋስ የማይገባበት ዝግ አዳራሽ ያየችው ለጉዞው ስትጠራ ብቻ ነው።

«ታዲያ ቀጥ አድርገሽ አትመቺም ነበር?» አልኳት።

«ገብቶኛል እኮ፣ እማማ! እጄ ነው እንቢ ያለኝ። ከእንግዲህ አልጫወትም።»

ራኬቷን ለጎረቤት ልጆች ሰጥታ ገብታ ተኛች።

ልጃችሁ እዚህ በትክክል የተማረው ነገር ሌላ ቦታ ስህተት ሆኖበት ተመልሶ ያውቃል? ምን ብላችሁ አጽናናችሁት? ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲሳሳት ሳርም ኖሬ፣ ዛሬ እሷ በር ላይ ቆሜ እናንተን እጠይቃለሁ።