የሞገስ ደረጃና የነጅሚያ ተንኮል

ነጅሚያን የደብረ ታቦር ገበያ ሰው በጥልፏ ያውቃታል፤ የሰፈሯ ሰው ግን በተንኮሏ ነው የሚያውቃት። እኩያዬ ስለሆነች አንቱ ሳልል ላውራ። ልጆች ሳለን አንድ ሠርግ ላይ ሁለት የተኳረፉ ጎረቤታሞች ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ነበር። ነጅሚያ በሆዷ ተስባ ከኋላቸው ገባችና የሁለቱን ነጠላ ጫፍ ለጫፍ ቋጠረችው። ሴቶቹ ሊነሡ ሲሉ ተሳሳቡ።

«ምን ትጎትቺኛለሽ?» አለች አንዷ።

«አንቺ ነሽ እንጂ የምትጎትቺኝ!» አለች ሌላዋ።

ከረጅም ኩርፊያ በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸው ይህ ሆነ። ቋጣሪዋን ለማወቅ ምርመራ አላስፈለገም። እናቷ ጆሮዋን ይዛ ወደ ቤት ስትወስዳት ነጅሚያ እየተጎተተችም ዞር ዞር እያለች ሴቶቹ ታርቀው እንደሆነ ታይ ነበር።

ካደገችም በኋላ ተንኮሏ አልተዋትም። የጨው ነጋዴውን ከማልን አገባች። ከማል ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ሲስቅ እንኳ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ነጅሚያ ያን ትከሻ ለማንቀጥቀጥ ስትል ያልሠራችው ተንኮል የለም። ከማል ሲሞትና ልጃቸው ሀናን ባሕር ዳር አግብታ ስትሄድ፣ የስፌት መኪናዋን ወደ መንገዱ መስኮት አስጠግታ መንገደኛ እያየች መጥለፍ ያዘች።

ከመስኮቷ ፊት ለፊት የሞገስ ቤት አለ። አባቱ ያሠሩት ነው። ታችኛው በድንጋይ፣ ላይኛው በእንጨትና በጭቃ ሆኖ ከመንገዱ እስከ ሰገነቱ የሚያወጣ ሰፊ የድንጋይ ደረጃ አለው፤ ደረጃው ብዙ እግር ስለረገጠው መሃል መሃሉ ጎድጉዷል። ሞገስ ራሱ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በመንገድ ላይ ይጮኸው የነበረውን ጩኸት ወደ ሰፈሩ አዙሮታል።

በሰፈራችን የድሮ ቤቶችን ከመፍረስ ለማዳን የተሰባሰቡ በጎ ፈቃደኞች አሉ። የጀመሩት መድኃኒት ቤት የምትሠራው ሠናይትና አናጢው አንዋር ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኙ የተደፈነ ቦይ ይጠርጋሉ፣ የዘመመ ግድግዳ ይደግፋሉ፣ የበሰበሰ እንጨት ይቀይራሉ፤ ሊያፈርስ የተነሣ ባለቤት ካለም ሄደው ይለምናሉ።

ነጅሚያ ከእነሱ ጋር የተዋወቀችው በውሸት ነው። ሠናይት መጥታ «እትዬ ነጅሚያ፣ ይህ በርዎ ከየት የመጣ ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ነጅሚያ ከጥልፏ ቀና ሳትል፣ በሩ የይፋግ አንድ ሀብታም ነጋዴ እንደነበር፣ ነጋዴው በገበጣ ተሸንፎ ለከማል አያት እንዳስረከበው፣ በሩን የጫነው ግመልም መንገድ ላይ እምቢ ብሎ ተኝቶ አገር ምድሩ በእልልታ እንዳስነሣው ተረከችላት። ሠናይት አፏን ከፍታ ስትሰማ አንዋር ጎንበስ ብሎ የበሩን ግርጌ አየ።

«እትዬ፣ ይህን በር እኮ የሠሩት አባቴ ናቸው። ስማቸውን እዚህ ታች ቀርጸውበታል።»

«ታዲያ የአባትህ ሥራ ባያምር ግመሉ ይሸከመው ነበር?» አለች ነጅሚያ።

ሠናይት ትቆጣለች ብለን ስንጠብቅ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እንዲህ መዋሸት ከቻሉማ ለእኛ ይዋሹልን» አለቻት። ነጅሚያ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ አልተለየቻቸውም።

ባለፈው ዓመት ሞገስ ቤቱን አፍርሶ መስታወት የለበሰ ፎቅ ሊሠራ መሆኑን ለሰፈሩ ሁሉ አወጀ። ልጆቹ ናቸው የገፋፉት። ሠናይትና አንዋር ሄደው ተለማመጡት፤ እሱም ደረጃው አናት ላይ ቆሞ ጮኸባቸው።

«ቅርስ ነው ትሉኛላችሁ! ሲዘንብ ባልዲ ይዤ የምሯሯጠው እኔ፤ ማዶ ቆማችሁ የምታደንቁት እናንተ!»

እውነቱን ነበር። አንዋር ጣሪያውን በነፃ እንጠግንልዎ ቢለው ደግሞ «ለማኝም አደረጋችሁኝ?» ብሎ በሩን ዘጋባቸው።

ነጅሚያ ሁሉንም ከመስኮቷ ሰምታለች። «በሉ ልመናውን ተዉት» አለቻቸው። «ሞገስን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በለመናችሁት ቁጥር ይብስበታል። ለእኔ ተዉልኝ።»

«ምን ሊያደርጉ ነው?» አለች ሠናይት።

«ምንም። ሠርግ ላስደግስበት ነው።»

ጊዜው ጥር ነበር። ፋሲካ የምትባል የሰፈራችን ልጅ ልታገባ ነው፤ የሙሽራ ካባዋንም የጠለፈችላት ነጅሚያ ናት። ፎቶ አንሺው አስናቀ ሙሽሮችን ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው ጋፋት መስክ እየወሰደ ማንሣት ልማዱ ነው። ነጅሚያ አስጠራችው።

«ጋፋት ላይ ካነሣሃቸው ፎቶዎች ከሙሽሮቹ ይልቅ ላሞቹ ናቸው ደምቀው የሚወጡት» አለችው። «ባሕር ዳር አሁን የድንጋይ ደረጃ ነው ፋሽኑ። ሀናን ነግራኛለች።»

ሀናን እንዲህ ያለ ነገር ተናግራ አታውቅም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ መኪኖቹ ጥሩንባቸውን እየነፉ ሞገስ ደጅ ላይ ቆሙ። ፋሲካ ካባዋን እያስጎተተች ደረጃው ላይ ወጣች፤ ሙሽራው ተከተላት፤ ሚዜዎች ግራና ቀኝ ተደረደሩ። ሞገስ በነጠላ ጫማ ዘሎ ወጣ።

«ማነው በሰው ደረጃ ላይ ሠርግ የሚደግስ?»

ፋሲካ በነጅሚያ ቀድማ ተመክራለች። «አባባ ሞገስ፣ ከእኛ ጋር አንድ ፎቶ ይነሡ እንጂ! ያለ ባለቤቱ ደረጃው አያምርም» አለችው።

ሞገስ አያት፤ ካሜራውን አየ። ከዚያ ወደ ቤት ተመለሰ። ሚዜዎቹ ዱላ ሊያመጣ ነው ብለው ወደ መኪናቸው አፈገፈጉ። ጥቂት ቆይቶ ብቅ ሲል ግን ጥቁር ካፖርቱን ለብሷል፣ ባርኔጣውን ደፍቷል፣ ጢሙን በውሃ አስተኝቷል። ቀጥ ብሎ ሄዶ በሙሽራውና በሙሽሪት መሃል ቆመ።

«አባባ፣ ትንሽ ወደ ጎን» አለ አስናቀ።

«የቤቱ ባለቤት ማነው?» አለ ሞገስ።

ባለቤቱ እሱ ነበረና እዚያው መሃል ቆሞ ፎቶውን ተነሣ። ነጅሚያ መስኮቷ ሥር አንገቷን ደፍታ ክር የምትፈልግ መሰለች።

ከዚያ በኋላ እሑድ በመጣ ቁጥር ሙሽራ መጣ። ካፖርት የለበሰው ሽማግሌ የሌለበት የሠርግ ፎቶ ያልተሟላ መሰለ። የእስላም ሙሽሮችም መጡ፤ ከአንበሳሜ ድረስ ሚኒባስ ተከራይተው የመጡም አሉ። ሞገስ ጧት ጧት ደረጃውን ይጠርግ ጀመር። በዘይት ጣሳ አበባ ተክሎ ደረደረ። ሚዜ ግድግዳውን ሲደገፍ ካየ «ተነሥ ከዚያ! የአባቴ ቤት ነው!» ይላል። ስለ ማፍረስ የሚያነሣበትም ጠፋ።

ሠናይት ደስታዋን ሳትጨርስ ሌላ ጣጣ መጣ። አንድ ቀን ነጅሚያ ከገበያ ስትመለስ ሞገስ ደጅ ላይ ጣሳ ጣሳ ቀለም ተቆልሏል። ክዳኑ የተከፈተው ዓይን የሚወጋ የሎሚ ቅጠል አረንጓዴ ነው። አጠገቡ ደግሞ ለደረጃው ማልበሻ የሚሆን አንጸባራቂ ሴራሚክ ተደርድሯል።

«እንግዳ ሲበዛ ቤት መታደስ አለበት» አለ ሞገስ በኩራት።

ሠናይት ስትሰማ ልታለቅስ ደረሰች። «እትዬ፣ አዳኑልን ስንል ገደሉት እኮ!»

ነጅሚያ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ከዚያ አስናቀን አስጠራችው። አስናቀ እንደተባለው አደረገ፤ በስልኩ ካለው የሠርግ ፎቶ ላይ የሞገስን ፊት በጎመን ቀለም ነክሮ ወሰደለት።

«አባባ፣ አረንጓዴ ግድግዳ ፊት ላይ እንዲህ ያበራል። ሙሽሮቹ እንዲህ ሆነው እንዳይወጡ ፈርቼ ነው» አለው።

ሞገስ መነጽሩን አድርጎ ፎቶውን አገላብጦ አየው። ሾፌር የነበረ ሰው ነው፤ በጋራዥ ሰዎች ብዙ ተታሏል።

«እዚህ ፎቶ ላይ ግድግዳው ገና አልተቀባም» አለ። «ታዲያ እኔን ማን አረንጓዴ አደረገኝ?»

ሞገስ ትኩር ብሎ ሲያየው ጊዜ አስናቀ «እትዬ ነጅሚያ ናቸው» አለ።

ሞገስ መንገዱን አቋርጦ መስኮቷ ሥር ቆመ። ሰፈሩ ሁሉ ሥራውን አቆመ።

«ነጅሚያ! የጎመኑ ነገር ያንቺ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ሙሽሮቹም?»

«የመጀመሪያዋን ብቻ ነው የላክሁት። የቀሩትን አንተና ካፖርትህ ናችሁ ያመጣችኋቸው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሞገስ ዞር ሲል ሳቁን በሳል ሸፈነው። «በዚህ ዕድሜዬ መጫወቻ አደረግሽኝ። ቤቱ የእኔ፣ ብፈልግ አፍርሼ ብፈልግ ቀብቼ፣ አንቺን ምን አገባሽ?»

ነጅሚያ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካች። ስትናገር ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር።

«ከማል የታመመ ጊዜ አልጋውን እዚህ መስኮት ሥር ነበር ያደረግሁለት። አንተ ሰገነቱ ላይ ሆነህ መንገደኛውን ስትሳደብ እያየ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ይስቅ ነበር። መጨረሻ ላይ እንኳ እኔ ላስቀው ስታገል አንተ ነህ ያሳቅኸው። ያን ቤት አፍርሰህ መስታወት ከተከልህ እኔ በየጧቱ የማየው የራሴን ፊት ነው። እሱን ደግሞ ጠግቤዋለሁ።»

ሞገስ ባርኔጣውን አወለቀ፤ መልሶ ደፋው።

«ከማል በእኔ ይስቅ ነበር?» አለ።

«በየቀኑ።»

«እኔኮ ቁም ነገረኛ ሰው ይመስለኝ ነበር።» ከዚያ ወደ ቤቱ ቀና ብሎ አየ። «ጣሪያው ግን ያፈሳል።»

«አንዋር አለ።»

«በር የዘጋሁበትን ሰው ልለምን?»

«አትለምነውም። እሱ እንዲለምንህ አደርገዋለሁ።»

አንዋር በማግሥቱ መጥቶ ለመነው፤ ሞገስም ብዙ ካንገራገረ በኋላ ፈቀደለት። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጣሪያው ተጠገነ፣ የበሰበሰው የሰገነቱ እንጨት በጽድ ተተካ። ሞገስ እታች ቆሞ፣ ሠራተኞቹን ወደ ኋላ እንደሚመለስ መኪና «ግራ! ግራ! በቃ!» እያለ ያዛቸው ነበር። ሴራሚኩን ልጆቹ ጓሮ ለሚሠሩት ትንሽ ቤት ወሰዱት። ትልቁ ልጁ የአባቱ ቁርጥ አሳብ መለወጥ አልተዋጠለትም፤ እስካሁንም ሲመጣ ፊቱን ቋጥሮ ነው። በአረንጓዴው ቀለም ደግሞ፣ ነጅሚያ ባሕር ዳር ሀናን ጋ የሄደች ዕለት፣ ሞገስ የመስኮቷን ክፈፍ ዙሪያውን ቀባበት። ስትመለስ መንገዱ መሃል ቆማ አየችው፤ «እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ጠርዙን ስቶታል» ብላ ገባች።

አሁን ሞገስም የበጎ ፈቃደኞቹ አባል ነው። ነጅሚያ ያለችውን ሁሉ ስለሚቃወም ስብሰባው ይረዝማል፤ ሠናይት ለሁለቱም ሻይ እያቀረበች በየተራ እንዲናገሩ ትለምናለች። ገበያው ጥግ ደሳለኝ የሚባል ባለሱቅ አባቱ ያወረሱትን የድንጋይ ሱቅ ሊያፈርስ አስቧል ስለተባለ፣ እንዲያነጋግሩት የተላኩት ሁለቱ ናቸው። ደሳለኝ ከሩቅ ሲያያቸው ሱቁን ዘግቶ ይጠፋ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሳያያቸው ቀረና በሩ ላይ ደረሱበት። እስኪመሽ አብረውት ተቀምጠው በድንጋዩ ዕድሜ ላይ እርስ በርስ ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ደሳለኝ የሱቁን ዕድሜ ያውቀዋል፤ ነገር ግን የሚናገርበት ክፍተት አላገኘም። እስካሁን ቁርጡን አልነገራቸውም፤ ለዚህ ቅዳሜ ግን ሱቁ ውስጥ ለእነሱ ሁለት በርጩማ ጨምሯል።