የሴቶቹ ትምህርት ከድሮው ፎንት የወጣበት ቀን

ስለዚያ ጽሕፈት ቤት ብዙ አውቃለሁ፤ ሁሉን አልጽፍም። ይህን አንዱን ግን ሳልጽፈው አላልፍም።

ሶዶ ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ለዓመታት ጸሐፊ ነበርኩ። የሴቶችን ትምህርት መጽሐፍ በኮምፒውተር የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከላይ አማርኛው፣ ከሥሩ ወላይትኛው። ወላይትኛውን የተረጎምኩትም እኔው ነኝ፤ ይህን በስብሰባ ላይ የተናገረ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ጡረታ ስወጣ የፋይሎቹን ቅጂ በፍላሽ ይዤ ወጣሁ። ደግ አደረግሁ።

ቆይቶ ትምህርቱ ለዓመታዊው የሴቶች ጉባኤ እንደገና ሊታተም ሆነ። አዲሱ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ የድሮው አማርኛ ፎንት ስላልነበረ፣ ፋይሉ ሲከፈት አማርኛው በሙሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ወጣ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አስጠራኝ።

«እኅቴ፣ ፋይልሽ ሞቷል። ከታተመው ላይ እንደገና ይጻፋል፤ አማርኛው ብቻ። ወላይትኛው ቦታ ይፈጃል።»

በእኔ ወንበር የተቀመጠችው ሴት ቀና ሳትል፣ «አይዞሽ፣ አሳምሬ እጽፈዋለሁ» አለች። ኮምፒውተር ማብራትና ማጥፋት ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

በዙሪያችን ካሉት ከተሞች፣ ከተበላና ከቦምቤ፣ የሚመጡት ሴቶች አማርኛው ሲነበብ በትዕግሥት ይቀመጣሉ፤ የሚጠይቁትና የሚከራከሩት ወላይትኛው ሲነበብ ነው። እሱ ከተቀነሰ መጽሐፉ ለእነሱ አይደለም።

«ከጉባኤው በፊት ሙሉውን አስተካክዬ ባመጣስ?» አልኩት።

«ካመጣሽማ እናትመዋለን» አለ፤ ሳቀም።

ግቢዬ ውስጥ የተከራየች የኮምፒውተር መምህርት ነበረች፤ የመጣችው ከሌላ አገር ስለሆነ ወላይትኛ አታውቅም። ቫይረስ ስላስመረራት ኮምፒውተሯን ሊኑክስ ወደሚባል፣ ቫይረስ ብዙ ወደማይደፍረው ሥርዓት ለውጣዋለች። ፍላሼን ሰካች፣ ፋይሎቹን ገለበጠችና አንድ ጥቁር መስኮት ከፈተች።

«ማውዙስ?» አልኳት።

«ማውዝ የለም እትዬ፤ መጻፍ ነው።»

መጻፍማ የእኔ ነው! ወንበሯን ወሰድኩባት። እሷ እየነገረችኝ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ የፕሮግራሙን ስም፣ ወደ ተራ ጽሑፍ ቀይር የሚለውን ትእዛዝ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ኮከብ። ኮከቧ «ሁሉንም» ማለት ናት። ኢንተር ስመታ የፋይሎቹ ስም እየተከታተለ ይወርድ ጀመር። አንዱን ከፍቼ፣ ሌላውን ዘግቼ ስንት ዘመን የኖርኩበት ሥራ ሻይ ሳይቀዘቅዝ አለቀ! ቀጥላ የድሮውን ፎንት ወደ አዲሱ ፊደል የሚለውጥ ትንሽ ፕሮግራም አስኬደች። የመጀመሪያው ትምህርት ርእስ ጥርት ባለ አማርኛ ብቅ ሲል እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ጎረቤት ሠርግ መሰለው።

ወረድ ብዬ ሳይ ግን ወላይትኛው የለም። በቦታው ማንም ሊያነበው የማይችል የአማርኛ ፊደል ተደርድሯል።

«ይሄ ምን ቋንቋ ነው?» አለች መምህርቷ።

«የእናቴ ቋንቋ ነበር» አልኳት።

ጥፋቱን ለማግኘት ግን ብዙ አልቆየንም። ወላይትኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ያ የድሮ አማርኛም በውስጡ የላቲን ፊደል ነው፤ ግእዝ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ወደ ተራ ጽሑፍ ስንቀይር የፎንቱ ስም ተጣለ፤ ፕሮግራሙም የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ስላቃተው ሁሉንም አማርኛ አደረገው።

«ልክ እንደ ቢሯችን» አልኩ። እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ዋናዎቹ ፋይሎች አሉ እትዬ፤ አልተነኩም። ፎንቱን ሳንጥል እንቀይራቸው።»

በተራ ጽሑፍ ፋንታ ለድረ ገጽ ወደሚያገለግለው ዓይነት ቀየርናቸው፤ እዚያ ከየአንቀጹ ጋር የፎንቱ ስም አብሮ ይቀመጣል። ወላይትኛውን ሁልጊዜ በሌላ ፎንት ነበር የምጽፈው። ፕሮግራሙንም የድሮው አማርኛ ፎንት ያለበትን ብቻ እንዲነካ አስተካከለችው። እንደገና ኢንተር መታሁ። አማርኛው ከላይ፣ ወላይትኛው ከሥር፣ እያንዳንዱ በቦታው! መምህርቷን አቅፌ ግቢውን አዞርኳት። በሌላ ትእዛዝ ለማተሚያ የሚሆነውን ፋይል አወጣንና ወረቀት ላይ አተምነው።

ቢሮ ስገባ ከተበላ የመጡት የሴቶች ተወካይ ተቀምጠው ነበር። ወረቀቱን ለኃላፊው ሳይሆን ለእሳቸው ሰጠሁ፤ አስቤበት ነው። ገለጥ አድርገው በወላይትኛ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ስለ ምራትና አማት የሚናገረው ላይ ሲደርሱ፣ «ይሄን የጻፈችው አማቴን ታውቃታለች!» ብለው ሳቁ።

«እንዳለ ይታተም» አለ ኃላፊው በመጨረሻ። ምስጋና አልጨመረም፤ አልጠበቅሁምም።

ወደ ማባዣው ክፍል ስሄድ ባለ ወንበሯ በኮሪደሩ ተከተለችኝ። «እኅቴ፣ እንዴት አደረግሽው? እባክሽ አሳዪኝ» አለች፤ ድምፅዋ ለስልሶ።

የመጀመሪያው ገጽ ከማሽኑ ሲወጣ ይሞቅ ነበር፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ነበሩበት። በሁለት እጄ ተቀበልኩት። እንዴት እንዳደረግሁት ግን ለእሷ አላሳየሁም።