እናኑ አፏን የከደነችበት ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በንስሐ አባቴ ፊት ስንት ጊዜ ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአት እየዘረዘርሁ ይህን ዘልየዋለሁ። ዘንድሮ ኮሌጅ ገብቼ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኛለሁ፤ ዛሬ እጽፈዋለሁ።

ያደግሁት ኮኪት ነው። ኮሌራ በገባበት ዓመት እኔ የአሥራ ሁለት፣ እህቴ እናኑ የሦስት ዓመት ልጆች ነበርን። የሰሊጥ አጨዳ ስለነበር ከተማው ከደጋ በወረዱ ሠራተኞች ተሞልቷል። መንገዱ ተዘጋ፤ ትራክተር ነጂው አባታችን ለሥራ አብርሃ ጅራ ከተማ እንደሄደ መመለሻ አጣ። እናቴ ብቻዋን ቀረች። ውኃ ስታፈላ፣ እጃችንን ስታሳጥብ፣ በር ስትዘጋ ትውላለች። ፊት እንዲያ አልነበረችም። ያን ጊዜ ግን ብንስልም ትጮኻለች፤ ብንስቅም ትጮኻለች።

በእኛ ሰፈር የወረርሽኝ ስም አይጠራም። ስሙን የጠራ ወደ ቤቱ ይጋብዘዋል ይባላል፤ ትልልቆቹ «እንግዳው» ነበር የሚሉት። ደፍሮ የሚጠራው በየደጁ የሚዞረው ጤና ረዳት ብቻ ነው። እናኑ ከእሱ ለቀመችው። ያገኘችውን ቃል ሁሉ የምትዘፍን ልጅ ነበረች። «ኮሌራ! ኮሌራ!» እያለች ግቢውን ዞረችው።

ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር አያ ደምሌ የሚባል የጎጃም አጫጅ ነበር። «ኧረ እቴዋ፣ ሌላ ዘፈን አጣሽ?» ብሎ ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም። «ትጠሪብኛለሽ?» ብላ አፏ ላይ በጥፊ መታቻት።

በማግስቱ አያ ደምሌ ታመመ። በትራክተር ተሳቢ ጭነው ወሰዱት፤ በሦስተኛው ቀን መሞቱን ሰማን። እናኑ በሩ ሥር ተቀምጣ፣ «ደምሌስ? ደምሌስ?» ትላለች። ትከሻው ላይ አድርጎ የሚያዞራት እሱ ነበር። እሷን መጠበቅ የእኔ ሥራ ነው። ፈርቼ ነበር፤ ሰልችቶኝም ነበር። ጆሮዋን ይዤ፣ «አንቺ ጠርተሽበት ነው የሞተው። ደግሞ ብትናገሪ እማዬን ይወስዳታል» አልኋት።

እናኑ አፏን በመዳፏ ከደነች። እኔም ዕረፍት አገኘሁ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

በሽታው አለፈ፤ መንገዱ ተከፈተ፤ አባታችን ተመለሰ። የእናኑ ድምፅ ግን አልተመለሰም። በሦስተኛው ዓመት ጠበል ወሰድናት። እናቴ፣ «አባ፣ ምላሷን ያሰርሁት እኔ ነኝ፤ በዚህ እጄ!» እያለች ስታለቅስ እኔ ጀሪካኑን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ከጥፊው በኋላ እናኑ ስታወራ መሰንበቷን እናቴ በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ ልብ አላለችም። እኔ ግን አውቅ ነበር። ለምን ዝም አልሁ? ልጅ ነበርሁ እንዳልል አሥራ አምስት ዓመት ሞልቶኛል። ዝም ያልሁት እናቴ የተሸከመችው ሸክም ወደ እኔ እንዳይዞር ነው።

እናኑ አሁን አሥር ዓመቷ ነው። ታነባለች፣ በዐይኗ ብቻ። ልጆቹ «ዱዳዋ» ይሏታል። ወደ ኮሌጅ ስነሣ መኪናው አጠገብ አንገቴን ጎትታ፣ አፏን በመዳፏ ከልላ፣ ከሰባት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በጆሮዬ አንሾካሾከች።

«አትፍሪ። እማዬን እኔ እጠብቃታለሁ።»

እጇን ከአንገቴ አላቅቄ ተሳፈርሁ።

እውነቱን ለእናቴ በደብዳቤ ልጽፍላት አሰብሁ። እናትና አባቴ ማንበብ አይችሉም፤ ቤት ውስጥ የምታነብ እናኑ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ድምፅ አታወጣም። ስለዚህ ሄጄ በአፌ መናገር አለብኝ፤ እፈራለሁ። እናንተን ይቅርታ አልጠይቅም። እናኑ አፏን ሳትከፍት እናንተ ብትምሩኝ ምን ይረባኛል?