እናቴ የሰረዘቻቸው ሁለት ጭረቶች

ከፕሪንተር ገና የወጣ፣ ሙቀቱ ያልበረደ ወረቀት በሸተተኝ ቁጥር ዛሬም ሐሙስ የሆነ ይመስለኛል። ያ ሽታ በእኛ ቤት የሐሙስ ሽታ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ እናቴ ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ ስትወጣ በላይብረሪው በኩል ታልፍና፣ ለሰኞው የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ የተዘጋጀውን ሰነድ አትማ፣ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቅፋ ትገባ ነበር። ከተማው ታብሌት ሰጥቷታል፤ እሷ ግን በእጇ ያልዳሰሰችውን ነገር ያነበበችው አይመስላትም። የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋውና በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረች ማንበብ ትጀምራለች፤ አባቴ ቀኑን ሙሉ መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሻትል ሲነዳ ውሎ ሲመጣ፣ ስለ ፍሳሽ ቱቦና ስለ አጥር ቁመት የተጻፈውን ክምር ገፋ አድርጎ ነበር እራቱን የሚበላው።

እናቴ ሰብለ ትባላለች። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አስራዎቹ አጋማሽ፣ እኔ የአስር የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ የምንኖረው ከኦሮራ ከተማ ጠርዝ ባለች፣ ስሟን እዚህ መጥራት በማልፈልጋት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነበር። ምክር ቤት ያስገባት በረዶ ነው። ከአፓርትመንታችን ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ በረዶው ሳይጠረግ ሰንብቶ ሰው ሲንሸራተት አይታ ልታመለክት ሄደች፣ ስብሰባ ላይ ተናገሪ ተባለች፣ ተናገረች፣ በሚቀጥለው ሰኞም ተመልሳ ሄደች፣ እንዲህ እንዲህ እያለች ወንበሩን ከያዙት ሰዎች ይልቅ ስብሰባ የማትቀር እሷ ሆነችና፣ ጎረቤቶቿ «ለምን አንቺው አትወዳደሪም?» ብለው ገፋፍተው አስመረጧት።

ከዚያ በኋላ ስልኳ አያርፍም ነበር። የጎረቤቱ ውሻ ጩኸት ያሰለቸው ሰው ይደውላል፣ ቆሻሻ ያልተነሳለት ይደውላል፣ የመኪናው ጎማ ጉድጓድ ውስጥ የፈነዳበት ይደውላል። ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት አንድ ሽማግሌ ወንድማቸውን ለማምጣት እንድትረዳቸው ደውለው፣ «ኧረ ጋሼ፣ ቪዛ የኔ አይደለም፤ የኔ ቆሻሻና መንገድ ብቻ ነው» ስትላቸው፣ «ታዲያ ምኑን መንግሥት ሆንሽው?» ብለው እንደዘጉባት አስታውሳለሁ።

ከመንገድ ሁሉ ግን የከፋው በራችን ላይ ያለው ነበር። ስድስት መኪና ጎን ለጎን የሚሮጥበት፣ የትራፊክ መብራቱ ወደ ላይ ግማሽ ማይል የራቀ መንገድ ነው። አፓርትመንቱ በዚህ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያው በዚያ ማዶ ነበርና መኪና የሌለው ሰው ሁሉ መሃል ለመሃል ይሮጥ ነበር። ከነዚህ አንዷ ከእኛ በታች የሚኖሩት እማማ ለተብርሃን ነበሩ። እማማ ለተብርሃን አስመራ ተወልደው ያደጉ፣ በአማርኛ የተማሩና ኋላም አዲስ አበባ አማርኛ ያስተማሩ ሴት ናቸው። ልጃቸው ጋሼ ተክሌ ሴንቴኒያል በምትባለው ጎረቤት ከተማ መጋዘን ውስጥ ይሠሩ ስለነበር ቀኑን የሚያሳልፉት ብቻቸውን ነው። ከትምህርት ቤት ስመጣ እሳቸው ቤት እገባና ፊደል ያስቆጥሩኝ ነበር። በእንግሊዝኛ ስመልስላቸው ጆሯቸውን ይዘው «አልሰማሁም» ይላሉ፣ በአማርኛ እስክደግመው። ዛሬ ይህን የምጽፍበትን ፊደል ያስያዙኝ እሳቸው ናቸው።

እናቴ የመሻገሪያ መብራት እንዲተከል ማመልከት የጀመረችው በተመረጠች በማግስቱ ነው። የከተማው የመንገድ መሐንዲስ ትሑት ሰው ነበር፣ ደጋግሞ ቤታችንም ደውሏል። ግን መልሱ አንድ ነው፤ መብራት የሚተከለው በቀን ይህን ያህል ሰው ሲሻገር ነው፣ የእኛ ቆጠራ ከዚያ በታች ነው። የቆጠሩት ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት እንደሆነ ስትነግረው፣ «እንግዲያው አንቺ ቁጠሪና በፊርማሽ አምጪልኝ፣ እቀበላለሁ» አላት።

ብርዱ በጠናበት ወር አንድ ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆመች። አባቴ ሥራ ላይ ስለነበረ እኔ መኪናው ውስጥ ሂተር ተከፍቶልኝ በመስኮት አያታለሁ፤ ካፖርቷን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ለተሻገረ ሰው ሁሉ ሰሌዳው ላይ አንድ ጭረት ትጭራለች። ረፋዱ ላይ እማማ ለተብርሃን ነጠላቸውን ካፖርታቸው ላይ ጣል አድርገው ብቅ አሉ። ተሻገሩ። ማዶ ደርሰው ዞር አሉና ተመልሰው ተሻገሩ። ከዚያ እንደገና መጡ። እናቴ ደንግጣ ሮጠች፤ እኔም መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ።

«እማማ! ምን ሆነው ነው?»

«እየተሻገርኩ ነዋ። ቁጠሪኝ።»

«አንዴ ቆጥሬዎታለሁኮ።»

«አንድ ሰው ብሆንም የምፈራው የሦስት ሰው ያህል ነው። ሦስት አድርጊው።»

እናቴ ሳቀች፣ እንባዋ በብርዱ ጉንጯ ላይ እስኪደርቅ ሳቀች፣ ሦስት ጭረትም ጫረች። እማማ ለተብርሃን ታሪኩን ለልጃቸውም ለጎረቤቱም እየነገሩ ብዙ ቀን ተዝናኑበት።

ማታውን ጠረጴዛው ላይ ስትደምር ግን እናቴ ከእማማ ለተብርሃን ሦስት ጭረቶች ሁለቱን በቀዩ እስክሪብቶ ሰረዘቻቸው።

አባቴ፣ «ተያቸው እንጂ ሰብለ፤ ማን ያውቅብሻል?» አላት።

«እኔ አውቃለሁ። ፊርማዬ ነው የሚያርፍበት።»

በረዶው ሲቀልጥና የአፓርትመንቱ ዛፎች ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ መልሱ መጣ። ቆጠራው አልሞላም፤ የጎደለው በጣት የሚቆጠር ነበር። ሁለቱ ቢጨመሩ ይሞላ አይሞላ እኔ ዛሬም አላውቅም። እናቴ ታውቃለች፣ ነግራኝ ግን አታውቅም። መሐንዲሱ ግን እንዳዘነ ያስታውቅ ነበር፤ ለሚመጣው ዓመት በጀት እንደገና እንደሚያቀርበው ቃል ገባላት፣ እሷም የእሱን ቃል ይዛ በበጋው ሙቀት ከበር በር እየዞረች ለሰዉ ቃል ገባች። «ትንሽ ታገሡ፤ እስከዚያው ወደ ላይ ወጥታችሁ መብራቱ ጋ ተሻገሩ» ትላቸው ነበር። ለእማማ ለተብርሃንም ይህንኑ ስትላቸው ጉልበታቸውን መታ መታ አድርገው፣ «ይሄን ለዚህ ንገሪው» አሏት።

ቅጠሉ ቢጫ በሆነበት ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ እማማ ለተብርሃን ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ አውቶቡሱን ሊይዙ ሲሻገሩ መኪና ገጫቸው። የምትነዳው ለሥራ የቸኮለች ወጣት ሴት ነበረች፤ ፀሐይዋ ፊት ለፊት እየወጣች ዓይኗን አጥበርብራባት እንዳላየቻቸው ተናገረች፣ እውነቷንም ይመስለኛል። እኛ ድምፁን ሰምተን ወጣን። እናቴ በነጠላ ጫማ ሮጣ አስፋልቱ ላይ ተንበርክካ፣ በሥራዋ እንደለመደችው አንገታቸውን ደገፈች፣ ስማቸውን ጠራች፣ አምቡላንሱ እስኪደርስ ደረታቸውን ስትጫን ቆየች። ሾፌሯ ልጅ መንገዱ ዳር ተቀምጣ ትጮህ ነበር። እኔን አባቴ ፊቴን ሆዱ ላይ ለጥፎ ያዘኝ፤ ግን አንድ ጊዜ አይቼ ነበር። ሆስፒታል ሳይደርሱ ሞቱ።

ለቅሶው ላይ ከእናቴ ጋር የሚቀመጥ ሰው የጠፋ ያህል ሆነ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። ወንበር ስትይዝ ግን ጎኗ ያሉት ቡና ለማንሳት ይነሱና ሌላ ቦታ ይቀመጣሉ። አንዲት ሴት ከኋላዬ፣ «ምክር ቤት ገብታ ምን ሠራችልን?» ስትል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ እናቴ ምግብ አስጠላት፤ አባቴ በማንኪያ ሾርባ ይዞ እየተከተለ፣ «መኪናውን የነዳሽው አንቺ አይደለሽም፣ ሰማሽ? አንቺ አይደለሽም» ይላት ነበር።

የመጀመሪያው በረዶ በወረደ ሰሞን አንድ ሰኞ አመሻሽ፣ ጋሼ ተክሌ ምክር ቤቱ ፊት ሊናገሩ ተመዘገቡ። ለሕዝብ አስተያየት ለአንድ ሰው የሚሰጠው ሦስት ደቂቃ ነው። የምክር ቤት አባላት ዝም ብለው ያዳምጣሉ እንጂ አይመልሱም፤ ደንቡ ነው። እኔና አባቴ ከኋላ ተቀምጠን ነበር። እናቴ ከፍ ብሎ በተሠራው መድረክ ላይ፣ ስሟ ከተጻፈበት ሰሌዳ ኋላ፣ ጥቁር ጃኬቷን ለብሳ ተቀምጣለች። ጋሼ ተክሌ በእንግሊዝኛ ጀመሩ፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ እናታቸው ዕድሜ ተናገሩ። የሰዓት ቆጣሪው ቁጥር ቀይ ሆኖ ሠላሳ ሴኮንድ ሲቀራቸው ወረቀታቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ እናቴ ዞረው በአማርኛ ቀጠሉ።

«ሰብለ፣ እናቴ ያን ቀን ስንት ጊዜ ተሻገረችልሽ?»

አዳራሹ ውስጥ አማርኛ የምንሰማው አራት ሰዎች ብቻ ነበርን።

«ሦስት ጊዜ ተሻገርኩላት ብላ ስትስቅ ነበር፣ እኔም ስቄያለሁ። ስንቱን ቆጠርሽላት?»

ደወሉ ጮኸ። ከንቲባው፣ «እናመሰግናለን፣ ጊዜዎ አልቋል» አሉ። ጋሼ ተክሌ አልተንቀሳቀሱም። እናቴ እጇን ዘርግታ ማይክሮፎኗን ከፈተች፤ ትንሿ አረንጓዴ መብራት በራች።

«አንዱን» አለች። «ሁለቱን ሰርዣለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው ተክሌ።»

ከንቲባው ስሟን እየጠሩ ደንቡን ሲያስታውሷት፣ ያለችውን ሁሉም እንዲሰማ በእንግሊዝኛ ደገመችው። የከተማው ጠበቃ ከወንበሩ ተነሥቶ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገራት፣ እረፍትም ታወጀ። ጋሼ ተክሌ ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው ትንሽ ቆሙና፣ በእኛ አጠገብ አልፈው ወጡ። አባቴ ሊነሣላቸው ሞከረ፤ አላዩትም። እኔ አንገቴን ኮቴ ውስጥ ቀብሬ፣ እናቴ ምነው ዝም ባለች፣ ምነው እንደ ሌሎቹ ውሃዋን እየጠጣች ወረቀት ባየች እያልኩ ስመኝ ነበር።

ከዚያች ቀን በኋላ ስለዚያ መንገድ ምንም ቃል እንዳትተነፍስ በጽሑፍ ተነገራት፤ ንግግሯ ከተማውን ሊያስከስስ የሚችል የእምነት ቃል ነው ተብሎ። በትምህርት ቤት አንድ ልጅ በስልኩ የስብሰባውን ቪዲዮ አሳየኝ። «ያንቺ ማም ናት? ዋይ ዲድ ሺ ሰይ ዛት?» አለኝ፤ ለምን እንደዚያ እንዳለች መጠየቁ ነበር። በበጋው የምርጫ ወረቀት በየበሩ ሲሰቀል፣ ተፎካካሪዋ ያቺኑ «ጥፋቱ የኔ ነው» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ከፎቶዋ ሥር አትሞ አደላት። እናቴ ግን እንደ ወትሮዋ ከበር በር ዞረች፤ አንዳንዱ በሩን ሳይከፍት ከውስጥ፣ «ሰው የለም» ይላት ነበር። በመጸው ተሸነፈች። መብራቱ እሷ ከወጣች በኋላ በጸደይ ተተከለ። ሲመረቅ አልጠሯትም። ጋሼ ተክሌም ያኔ ቤታቸውን አስረክበው ወደ ሌላ ስቴት ሄደው ነበር፤ ለስንብት አልመጡም፣ እናቴም የት እንዳሉ ጠይቃ አታውቅም።

አሁን እኔ ሴንቴኒያል አንድ የመኪና ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ስልክ እመልሳለሁ። አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች ይደውላሉ፣ አንዳንዶቹ ገና መንገዱ ዳር ቆመው። በሥልጠናችን የመጀመሪያ ቀን የተነገረን «ይቅርታ» እንዳንል ነው፤ ጥፋትን እንደ መቀበል ይቆጠራልና። በምትኩ የምንለው ተጽፎ ኮምፒውተሩ ጎን ተለጥፏል።

ባለፈው እሑድ የሥራ ልብሷን ስታጥፍ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ስንት ዓመት የፈራሁትን ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ እውነት ጥፋቱ ያንቺ ነበር?»

እጅጌውን አስተካክላ ማጠፏን ቀጠለች።

«የብዙ ሰው ነበር» አለች። «ተክሌ የጠየቀው ግን እኔን ነው።»

ያኔ አስራ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፣ በእናቴም አፍሬ ነበር። አሁን በቀን ስንት ጊዜ ከስልኩ ማዶ ያለ ሰው ሲያለቅስ እየሰማሁ የተለጠፈውን አነባለሁ፣ ድምፄንም ለስለስ አደርጋለሁ፣ ከዚያም የሚቀጥለውን ስልክ አነሣለሁ፤ እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ ከወረቀቱ ወጥቼ አላውቅም።