ዓይኔን የከደንሁት ለጸሎት አልነበረም

ወንድሞችና እህቶች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ የቆምሁት ስለ ራሴ እውነቱን ልመሰክር ነው። ድምፄ ሳይደክም ልጀምር፤ ካቃተኝ ታገሡኝ።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ባሕር ዳር እንደ መጣሁ በአምልኮ ሰዓት ዓይኔ ይከደን፣ አንገቴም ይዘነብል ነበር። እናንተ “ይህች ልጅ እንዴት በጸሎት ትጠመዳለች!” አላችሁ። ደስ ስላለኝ ዝም አልሁ። የዓይኔ ቆብ አልነሣ ብሎኝ እንጂ አንድ ቃል አልጸለይሁም ነበር።

በኋላ ውኃ ትን እያለ ሲያስቸግረኝ አባቴ አዲስ አበባ ወሰዱኝ። ሐኪሙ “ማያስቴኒያ ግራቪስ ይባላል። ከበሽታ ሊጠብቅሽ የሚገባው ፀረ እንግዳ አካል ነርቭሽ ለጡንቻሽ የሚልከውን መልእክት እየዘጋው ነው” አሉን። ደሜን በማሽን እያዞሩ ፕላዝማ የሚባለውን ፈሳሽ ቀየሩልኝ። ዓይኔ ተከፈተ! ሃሌ ሉያ! በምርመራም ፀረ እንግዳ አካሉ “ቀንሷል” ተባልሁ፤ በየቀኑ የምውጠው ኪኒንም ታዘዘልኝ።

እኔ ግን እዚሁ ቆሜ “ጠፍቷል” አልኋችሁ። ታስታውሳላችሁ? አጨበጨባችሁ። ከዚያ ወዲያ ኪኒኑን ስውጥ እንዳታዩኝ አፍሬ መዋጡን አቆምሁ።

አባቴ ጣና ዳር እምቦጭ ሲነቅሉ የኖሩ ገበሬ ናቸው። “አንቺ ልጅ፣ ሐኪሙ ቀነሰ እንጂ ጠፋ መቼ አሉ? እምቦጩንስ ስንቴ ነቀልነው?” አሉኝ።

“አባዬ፣ እርስዎ እምነት የለዎትም!”

“እምነት ባይኖረኝማ ያንን አረም ዛሬም ስነቅል እውል ነበር?”

ጌታ ይቅር ይበለኝ። ከሳምንታት በኋላ ምራቄን መዋጥ አቃተኝ፤ ትንፋሼ አጠረ። ሐኪሙ ውጤቱን አይተው “ተመልሶ ጨምሯል። ማሽኑ ያለውን ያወጣል እንጂ ሰውነትሽ ሌላ እንዳይሠራ አይከለክልም። ኪኒኑ ለዚያ ነበር” አሉኝ።

አልጋው ላይ “ኢየሱስ” ልል ብል ምላሴ አልታዘዝ አለኝ። ሰው የሚሰማው ጸሎት አልቀረኝም። በልቤ “በስምህ ዋሽቻለሁ፤ ተወኝ” አልሁት። ወገኖቼ፣ አልተወኝም! ሰውን ለማስደሰት ሳይሆን ለእርሱ ብቻ የተናገርሁት የመጀመሪያው ቃል ያ ነበር። ክብር ለስሙ ይሁን! ጌታን ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

ፕላዝማዬ እንደገና ተቀየረ። አሁንም ቀንሷል፤ አልጠፋም። ብዙ ቀን ተስፋ እቆርጣለሁ፤ ለመተንፈስም እፈራለሁ። ዛሬ ስለ ተነፈስሁ ግን አመሰግነዋለሁ። የምትታመሙ ሁሉ፣ ኪኒናችሁን ሳትጥሉ፣ ያልጠፋውን ጠፋ ሳትሉ፣ እንዳላችሁ ወደ እርሱ ኑ።

ይኸው፣ ዓይኔ እየተከደነ ነው። ዛሬ ግን እውነትም እየጸለይሁ ነው።