የታንከሩ ከብቶች

ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ፣ ነገሌ ምን ይጎድልብሃል ብለው መሰለኝ የመደቡኝ! የሰጡኝ ሥራ አንድ የተቀበረ ታንከር መጠበቅ ነበር። ከጎኑ የብረት በርና አልጋ የሚቀባ ወርክሾፕ አለ፤ ቲነር የነካው እጣቢ ሁሉ ወደ ታንከሩ ይወርዳል። ውስጡ አየር የለም። ቲነሩን ቀስ እያሉ የሚበሉት ከላም እበት ጋር የከተትናቸው፣ በዓይን የማይታዩ ተሐዋስያን ናቸው።

እበቱን የሰጡን ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ አንድ የቦረና ሽማግሌ ነበሩ። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ "አካም? ናጋ?" ይሉኛል። እዚያ አገር ሰላምታ ከብት ሳይጠየቅ አያልቅም፤ እኔ ደግሞ እንኳን ላም ዶሮም የለኝ። እሳቸው ሆዬ መላ አገኙ። "ሎን ናጋ? ከብቶችህ ደህና ናቸው?" ይሉና ታንከሩን በዱላቸው ያሳዩኛል። "ከእኔ በረት የወጡ ናቸው፣ እንዳታስርብብኝ!"

መጀመሪያ ስቄ ነበር። በኋላ ግን ያቺን ጥያቄ ለመስማት ነበር ከአልጋዬ የምነሳው። ቀኑን ሙሉ ሌላ የሚጠይቀኝ ሰው አልነበረም።

ሐምሌ ላይ ብርዱ ገባ። ተሐዋስያኑ ሙቀት ሲያጡ ይደነዝዛሉ፤ ሳይበሉት የተጠራቀመው ቲነር ደግሞ መልሶ ይመርዛቸዋል። ደህና ሲሆኑ የሚያወጡት ጋዝ በቱቦ መጥቶ ውሃ በሞላ ጠርሙስ ውስጥ አረፋ ይሠራ ነበር። አረፋው ቆመ። እጣቢውን ቀነስኩ፣ የታንከሩን አናት በጭድ ሸፈንኩ። ምን ዋጋ አለው! ሞቱ ብዬ ልመልስላቸው ነው? ያን ቀን ሰላምታችንም አብሮ ይቀራል ብዬ ፈራሁ።

"አባባ፣ ከብቶቼ ከስተዋል" አልኳቸው።

"አይዞህ፣ ፀሐይ ትመጣለች።"

መጣችም። በጥቅምት የሚጠበቀው ዝናብ ቀረና ምድሩ ነደደ፤ ታንከሩም ሞቀ። አንድ ጠዋት ጠርሙሱ ውስጥ ቡልቅ፣ ቡልቅ አለ። እሰይ! የጫማዬን ክር ሳላስር ወደ አጥሩ ሮጥኩ።

"አባባ! ደህና ናቸው! ከብቶቼ ተነሱ!"

በረቱ ባዶ ነበር። ምራታቸው ከጓሮ ብቅ አለች። "ሣሩ አልቆ የለ እንዴ፤ ከብቶቹን ይዘው ጎህ ሲቀድ ሄዱ" አለችኝ።

"መቼ ይመለሳሉ?"

"እሱን ዝናቡ ያውቃል።"

የእኔን ያስነሳች ፀሐይ የእሳቸውን አሰደደች። ወደ ታንከሩ ተመልሼ አረፋውን እያየሁ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ነገሌ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከብቶቼ ደህና ነበሩ። የጠየቀኝ ግን የለም።